ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ክዳን

ወሬው የመጣው ከደረቅ ዓሣ ሻጯ ነው። እሷ የሰማችው ፀጉር ቤት ነው፤ ፀጉር ቤት ከማን እንደሰሙ አትጠይቁኝ። ብቻ ረፋዱ ላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ሁለቱ አሮጊቶች ፊት ቆማ፣ «ሚሱክ የኑድል ቤቷን ጠረጴዛዎች ደጅ ለማውጣት ከወረዳ ፈቃድ ልትጠይቅ ነው አሉ» አለች።

ጆምሱን የአኩሪ አተር በቆልት ጭራ እየቀነጠሰች ነበር። ጣቷ ቆመ። ከሞክፖ ወደብ በላይ ባለው በዚያ ጠባብ ሰፈር ጠረጴዛ ለማውጣት ፈቃድ መጠየቅ ማለት ለመተንፈስ ፈቃድ መጠየቅ ማለት ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የሚሱክ ስድስት ጠረጴዛዎች ይወጣሉ። ቤቱ ውስጥ የሚገባው አራት ብቻ ነው፤ የዛጎል መረቁ ሽታ ደግሞ እስከ ታች ድረስ ወርዶ ሰው እየጎተተ ይመጣል። ታዲያ ሰው የት ይቀመጥ?

አሠራሩን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የጆምሱን የእንጨት መደብ የተዘረጋው ከግቢዋ በር ፊት፣ ከኑድል ቤቱ ጎን፣ መንገዱ ዳር ነው። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁልቁለቱን እስከ ታች ያያል። የወረዳው ተቆጣጣሪ ሞተር ብስክሌት ከታች ብቅ ሲል፣ ጆምሱን ጉልበቷ ሥር የምታኖረውን የድስት ክዳን በጭልፋ ሦስት ጊዜ ትመታለች። በቃ። በላተኛው ሁሉ ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጁ አቅፎ ይነሣል፣ ወንበሮቹ በእግር እየተገፉ ይገባሉ፣ ሚሱክ ጠረጴዛውን ጭንቅላቷ ላይ ታወጣለች። ተቆጣጣሪው ሞተሩን እያንደቀደቀ ሽቅብ ሲደርስ መንገዱ ባዶ ነው፤ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቆመው ኑድል የሚስቡ አሥራ ምናምን ሰዎች ብቻ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሡታል። ቆሞ መብላትን የሚከለክል ሕግ የለም።

በሰላሳ ዓመት ሚሱክ የተያዘችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዘንድሮ። አንዴ ጆምሱን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገብታ ጀርባዋን ስታሳሽ፣ አንዴ ደግሞ የልጅ ልጇ ሠርግ ላይ ስትጨፍር። ሦስተኛ ከተያዘች ቤቱ ለአንድ ወር ይታሸጋል። ጆምሱን ይህን ታሪክ ለሰማውም ላልሰማውም ሰው ታወራዋለች፤ ሰፈሩ ያለ እሷ አንድ ቀን እንደማያድር ሰው እንዲገባው ብላ ነው።

ዓሣ ሻጯ ሌላም ነበራት። «መደቡም ይነሣል ይላሉ። መንገድ ዘግቷል ተብሎ» አለችና ገበያዋ እንዳይበላሽ ሄደች።

ከጎኗ የተቀመጠችው ማክሬ፣ በሁለት ዓመት የምታንሳት፣ ጥርሷም ምላሷም ገና ያልወለቀ ጓደኛዋ፣ በቆልቷን መቀንጠስ ሳታቆም፣ «እንግዲህ እትዬ፣ ቤትሽ ገብተሽ ግድግዳሽን ትጠብቂያለሽ» አለቻት።

ጆምሱን ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ሳለ ነገሩ በራሱ እግር መጣ። የሚሱክ ልጅ ናሬ ከማዕዘኑ ብቅ ብላ፣ የብረት ሜትር ይዛ፣ መደቡ እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ናሬ ጓንግጁ ከተማ ቤት መንደፍ ተምራ እዚያው ሥራ ይዛ የነበረች ልጅ ናት፤ ዘንድሮ የእናቷ ጉልበት አልታዘዝ ሲል ትታው መጣች።

«ምን እየለካሽ ነው?»

«ደህና አረፈዱ እማማ። መንገዱን ነው፣ መደቡንም እግረ መንገዴን።»

«ሬሳ ሳጥን ልታሠሪልኝ ካልሆነ እኔን የሚለካኝ ሰው አያስፈልገኝም።»

ናሬ ሳቀች፤ መሳቋ ስሕተት ነበር። ቶሎ ብላ ጫማዋን አወለቀችና መደቡ ጫፍ ላይ ተንበርክካ፣ በሁለት እጇ ወረቀት ዘርግታ ነገሩን አስረዳች። ወረዳው ዘንድሮ ደጅ ማስቀመጥን መፍቀድ ጀምሯል። የሚፈልገውም ብዙ አይደለም፤ የቦታው ንድፍ፣ ጠረጴዛ የማያልፈው መስመር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መዝጋት፣ ከዚያም የአጠገቡ ጎረቤት ስምምነትና በፊርማ ፈንታ የሚመታው የስሙ ማኅተም። አጠገብ ያለው ጎረቤት ደግሞ ጆምሱን ናት፤ ማመልከቻው የሚገባው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

«ሰማይ ሥር ለመቀመጥ ወረቀት» አለች ጆምሱን። «ሰማዩ የወረዳው ነው?»

«ሰማዩስ አይደለም እማማ። መሬቱ ግን የሁሉም ነው። የሁሉም ስለሆነ ሁሉንም እንጠይቃለን።»

«ሰላሳ ዓመት ያለ ወረቀት ተበላ። ማን ታነቀ?»

«የታነቀ የለም። ያለፈው ሐሙስ ግን ሁልጊዜ እኛ ጋ የሚበላው መምህር ሳህኑን አቅፎ ሲሮጥ እጁን ተቃጠለ። ከሴኡል የመጡት ባልና ሚስት ደግሞ ክዳኑ ሲመታ እሳት የተነሣ መስሏቸው እስከ ወደቡ ድረስ ሮጡ። እስካሁን አልተመለሱም።»

ማክሬ በቆልቱ ላይ ትክ ብላ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እነሱ የኛን ወግ አያውቁማ» አለች ጆምሱን።

«ወግ ከሆነ ለምን እንሸሻለን፣ እማማ?»

ጆምሱን ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ፊደል የቆጠረችው ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ስለሆነ ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ የራሷን ስም ግን ከሩቅ ታውቀዋለች። በአገሩ አጻጻፍ ሦስት የሆኑት የስሟ ፊደላት እዚያ ንድፍ መሐል፣ መደቡ ላይ ተጽፈዋል። በቀይ።

በዚያ አገር በቀይ የሚጻፈው የሙት ስም ነው። ትንሽ ልጅ እንኳ ጓደኛውን በጣም ሲጠላው ካልሆነ ስሙን በቀይ አይጽፍም፣ ከጻፈም በእናቱ ጥፊ ይማራል። ከናሬ ፊት ደም ሸሸ። እጇ ላይ በነበረው ብዕር እንደዋዛ የጻፈችው ነው፤ ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያለውን ያስረሳል። አፏን ከፍታ ልታስረዳ ስትል ጆምሱን ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ ግቢዋ ገብታ የብረት በሯን ዘግታለች። ከውስጥ ሆና የተናገረችውን መንገዱ በሙሉ ሰማ።

«ማኅተሜን ከፈለግሽ መቃብሬ ላይ መጥተሽ ለምኚ።»

እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ሦስት አሮጊቶች በቀይ ተጽፈዋል የሚል ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት ሲደርስ ጭራሽ ጠንቋይ ተጠርታለች ተባለ።

በዚያ ምሽት፣ ረቡዕ ነው፣ ጆምሱን እንደ ልማዷ መደቧ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሚሱክ እያነከሰች መጥታ የልጄን ጥፋት ለኔ ሲሉ ይተዉልኝ ብላ ጎንበስ አለች፣ የሚያጨስ ኑድልም አስቀመጠችላት። ጆምሱን አንገቷን አላዞረችም። ስድስቱም ጠረጴዛዎች ሞልተዋል። ሰው ይስቃል፣ ይበላል፣ ማካሊ የሚባለውን የሩዝ ጠላ ይቀዳዳል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ቀና ብሎ፣ ይህች ሴትዮ ባትኖር እንዲህ አንቀመጥም ነበር ያለ የለም። ያን ጊዜ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣላት። ቁልቁለቱ ላይ ከአንዲት ድመት በቀር ማንም አልነበረም።

እስቲ ያለኔ ምን እንደሆኑ ይወቁት ብላ ክዳኑን ሦስት ጊዜ መታችው።

ወይ የዚያን ምሽት ሩጫ። ሳህን ከሳህን ተጋጨ፣ ወንበር በወንበር ላይ ወጣ፣ መምህሩ በፋሻ በታሰረ እጁ የሌላ ሰው ኑድል ይዞ ገባ። ጆምሱን በልቧ እየሳቀች ነበር። ሳቋ የቆመው ሚሱክ አራተኛውን ጠረጴዛ ጭንቅላቷ ላይ አውጥታ የበሩን ደረጃ ስትረግጥ ነው። የታመመው ጉልበቷ ከዳት። ጠረጴዛው አንድ ወገን፣ እሷ አንድ ወገን ወደቁ። ከታች ግን ሞተር የለም። ሰው ሁሉ ወደ ታች አየ፣ ቀጥሎ ክዳኗን እንደያዘች ወደ ቀረችው ጆምሱን አየ።

ሚሱክ መሬት ላይ እንዳለች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀና ብላ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ሄደ?»

ጆምሱን ክዳኑን መደቡ ላይ ጥላ ግቢዋ ገባች።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መደቧ ላይ አልወጣችም። ከበሯ ስንጥቅ ስታይ ሚሱክ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ተቀምጣ ሊጥ ትቆርጣለች፤ ጉልበቷ እንደ ሐብሐብ አብጧል። ማክሬ ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለቱንም ጊዜ ምንም ሳትል ሄደች። ማክሬ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።

ወደ ማታ ላይ በሩ ተንኳኳ። ናሬ ናት። ገባችና በሁለት ጉልበቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ግንባሯ ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሰች።

«ስምዎን በቀይ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። እዚያ ብዕር ላይ ሐሳቤ አልነበረም።»

ጆምሱን ግን የራሷን ነገር ቀድማ ማውጣት ነበረባት። «ትናንት ሞተር አልነበረም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እናትሽስ?»

«እሷም ታውቃለች። የእማማ ዓይን ደክሞ ይሆናል ነው ያለችኝ።»

የጆምሱን ዓይን ወደቡ ላይ የቆመችውን ጀልባ ስም ከመደቡ ላይ ሆኖ የሚያነብ ዓይን ነው። ይህን ሚሱክም ታውቃለች። ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር።

ናሬ አዲሱን ንድፍ ዘረጋችው። አሁን ስሟ በጥቁር፣ ጥርት ባለ ጽሑፍ ሆኗል። የቀዩንም ነገር ነገረቻት። ተቆጣጣሪው አቶ ቾን፣ ያ ሞተረኛ፣ ከቦታው የማይነሣውን ነገር በቀይ አድርጊው ብሏታል። እሷም መጀመሪያ የመብራቱን ምሰሶ አቀላች፣ ቀጥላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ የሚከፍቱበትን ቧንቧ፣ ከዚያ እጇ ሳይቆም የእማማ ጆምሱን መደብ።

«ከምሰሶው ጋር?» አለች ጆምሱን።

«ከምሰሶውና ከቧንቧው ጋር። መደቡ ከአስፋልቱ በዕድሜ ይበልጣል ብዬ ነገርኩት፤ የሰፈሩ ማረፊያ ብለሽ መዝግቢው አለኝ። የጠረጴዛዎቹ መስመር የሚጀምረው ከመደቡ ወዲያ ነው። ማንም አይነካዎትም።»

ጆምሱን ንድፉን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። መንግሥት ከብረት ምሰሶ ጋር እኩል ቆጥሯታል። ነገሩ ቀስ እያለ ደስ ይላት ጀመር፤ ፊቷ ላይ ግን አላሳየችም። ሌላ ነገር ቀርቷታል፣ ከመደቡ የባሰ።

«ጠረጴዛው በወረቀት ከወጣ» አለች፣ «እኔ እዚያ ተቀምጬ ምን ልሠራ?»

ናሬ ልታጽናናት አልሞከረችም። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የተማረና ያልተማረ የሚለየው፤ ያልተማረ ቢሆን ቶሎ ብሎ ያጽናናት ነበር።

«ክዳኑ የሚጮኸው ስንፈራ ነው» አለች። «እናቴ ሰላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳን ደህና መጡ ስትል አንድ ዓይኗ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ቤታችን አንድ ሰው መታጠቢያ ቤት ሲሄድ የሚታሸግ ቤት ነው። ይሄ ቤት ይባላል?»

«እኔን ነው የምትወቅሽው?»

«አይደለም። እርሶንማ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናቴ ማታ ማታ ኑድል ታመጣልዎታለች፣ እርሶ ግን ታች ታች ሲያዩ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ትኩስ ሲበሉ አላየሁም።»

ጆምሱን ይህን ነገር ሰው ያየዋል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ናሬ ቀጠለች። መስመሩ ቢጫ ነው የሚቀባው። ከመስመሩ ወዲህ ጠረጴዛ፣ ከመስመሩ ወዲያ አምቡላንስም እሳት አደጋም የሚያልፍበት ባዶ መንገድ። ሰው ደግሞ ሲጠጣ ወንበሩን እየሳበ እየሳበ መንገድ መሐል ይደርሳል፤ መስመሩ ከታለፈ ፈቃዱ ይነጠቃል። ሦስት ሰዓት ሲሆንም አንድ ሰው መዝጊያውን መናገር አለበት፣ አለበለዚያ ላይኛው ቤት ያለው ሕፃን አይተኛም።

«እስካሁን ወረዳውን ለኛ ሲጠብቁልን ነበር» አለች። «አሁን ደግሞ መንገዱን ለሁላችን ይጠብቁልን። ክዳኑም አይጣል፤ ሦስት ሰዓት ላይ አንዴ ብቻ ይምቱት። ማንም የማይሮጥበት አንድ ምት።»

«ወንበሩን የሳበ ሰው ቢመጣ፣ መስደብ ይፈቀድልኛል?»

«ንድፉ ላይ አልተከለከለም።»

ጆምሱን ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ጥልፍ ያለባትን ከረጢት አወጣች። ከቀንድ የተሠራች ትንሽ ማኅተሟን ቀለሙ ላይ ጫን ጫን አደረገችና፣ ትንፋሿን ይዛ ወረቀቱ ላይ አሳረፈቻት። ሦስቱ ፊደላት ክብ ውስጥ ቁጭ ብለው እንደ ቼሪ ቀልተው ወጡ። ናሬ ቀለሙ እንዳይጨማለቅ እፍ፣ እፍ ትልበታለች፤ ጆምሱን ማኅተሟን ትጠርጋለች። ሁለቱም ሥራቸው ላይ ስለነበሩ ሌላ ነገር ልብ አላሉም።

ዓርብ ወረቀቱ ገባ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሰፈሩ እንቅልፍ አጣ፤ ዓሣ ሻጯ ብቻ ፈቃዱን አራት ጊዜ አጸደቀችው፣ አምስት ጊዜ ከለከለችው። በመጨረሻ ሲመጣ ናሬ ቢጫውን መስመር ራሷ ቀባችው፣ ጆምሱን ቆማ ጠመመ እያለች ሁለት ጊዜ አስፋቀቻት።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ስድስቱ ጠረጴዛዎች ፀሐይ ሳለ ወጡ። መምህሩ መጣ፣ እነዚያ የሴኡል ባልና ሚስትም የተመለሱት በዚያ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ኑድሉን መሳብ እንደጀመረ ከታች ሞተር ተሰማ። ክዳኑን ማንም አልነካውም። ሆኖም ግን ሃያ ሦስት ሰው በአንዴ ሳህኑን አቅፎ ቆመ፣ እግራቸው ራሱ ነው ያነሣቸው። አቶ ቾን ሽቅብ ደርሶ ሞተሩን ከመስመሩ ወዲያ አቆመና ሲያያቸው ምን እንደሚል ጠፋው።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ። «ይቀዘቅዛል።» ከዚያ የራስ ቆቡን አውልቆ እሱም ተቀመጠ፣ አንድ ትልቅ ሳህን አዘዘ።

ሚሱክ ከበሩ ላይ ሆና «ደህና መጡ» አለችው። ሰላሳ ዓመት ሲያሯሩጣት የኖረውን ሰው ማለት ነው። ቁልቁለቱን ሳታይ፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው ድረስ።

የፈቃዱን ጥቅም እኔ ልቁጠር ብል ምላሴ ይደክማል፣ ጆምሱን ግን ያን ማታ አልደከማትም። መደቧ ላይ ሆና ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሰበከች። የሚሱክ ጉልበት ከእንግዲህ ከሸክም ያርፋል፣ እብጠቱም ይጎድላል። መንገዱ ክፍት ስለሆነ የዓሣ ጋሪው እንኳ ሳይጋጭ ያልፋል፣ የታመመ ቢኖር አምቡላንስ በሩ ድረስ ይደርስለታል። ላይኛው ቤት ያለው ሕፃን በጊዜ ይተኛል። የጥብስ ዓሣ ቤቱም ሰውዬ፣ የሻይ ቤቷም ባለቤት ለኛም ንደፊልን ብለው ናሬን ይዘዋታል፤ ወዲያ ጓንግጁ የምትመለስበትም ምክንያት የለም። ሰው ተደብቆ የሚያገኘው ነገር ሁልጊዜ ግማሽ ነው፤ ጠይቆ ያገኘውን ግን ተቀምጦ ይበላዋል። እንዲህ እያለች የራሷን ኑድል ስትጎርስ ምላሷ ተቃጠለ፤ ትኩስ አልለመደችማ።

ሁሉም ይሰማታል፣ አቶ ቾንም አንገቱን ይነቀንቃል። ጆምሱን ይህን ስታይ ይበልጥ ጋለች።

«እኔ ከመጀመሪያውም ደግፌ ነበር» አለች። «የከለከልኩት ቀዩን ብቻ ነው። ስሙ በቀይ የተጻፈ ሰው ዓመት አይደርስም። ይህን የማያሳውቅ ትምህርት ምን ያደርጋል?»

ናሬ በጨዋ ደንብ አቀርቅራ ሳቋን ዋጠች። ማክሬ ግን የምትበላበትን ቀጭን እንጨት ወደ በሩ ቀሰረችው። እዚያ ከፈቃዱ ሥር የጎረቤት ስምምነቱ በመስታወት ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፣ የሚስበውም ኑድል አፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ» አለች ማክሬ፣ «ያ ማኅተም ቀይ ነው፣ ስምሽ ነው፣ ያተምሽውም በገዛ እጅሽ ነው። ወይ ሙቺ፣ ወይ ኑድልሽን ብዪ።»